ለሁለት ሰው የጀልባ ኑሮ፦ ከቼሳፒክ እስከ ማያሚ በባሕር ዳርቻ መስመር

በስልክም በአካልም የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ሁለታችሁ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ ጀልባ ላይ እንዴት ትኖራላችሁ? ውሃውስ? እንጀራውስ? ማታ ማን ይጠብቃል?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ መስመር ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከቼሳፒክ ወሽመጥ ተነስቶ በኢንትራኮስታል ዋተርዌይ ወደ ማያሚ የሚወርደው። መስመሩ ወንዞችን፣ ሰፋፊ ወሽመጦችንና በሰው እጅ የተቆፈሩ ቦዮችን እያገናኘ ከውቅያኖሱ ዳር ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ዜሮ ማይሉ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ላይ ነው። ማያሚ 1,090ኛው ማይል አካባቢ ትገኛለች። ጀልባችሁ ከ32 እስከ 40 ጫማ የሚረዝም፣ ሞተር ያለው የሸራ ጀልባ ነው ብዬ እነሳለሁ። ሸራ መዘርጋትና መሪ መያዝም ተምራችኋል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የሁለት ሰው ጀልባ በየሌሊቱ የአንድ ሰው ጀልባ ይሆናል። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ይታመማል፣ አያድርስና አንዱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ከታች ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ ስታነቡ «ይህን ብቻዬን ብሆን እችለዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለጀልባችሁ መጠን የሚበቃ ዋና መልህቅ ከ150 ጫማ ሰንሰለት ወይም ከሰንሰለትና ገመድ ጋር፣ እንዲሁም አንድ መጠባበቂያ መልህቅ
- በልካችሁ የተገዙ ሁለት የሕይወት አድን ጃኬቶችና ከጀልባው ጋር የሚያያዙበት ማሰሪያ
- ቋሚ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (የባሕር መገናኛ)፣ በተጨማሪም በእጅ የሚያዝ አንድ
- ጂፒኤስ ያለው የባሕር ካርታ ማሳያ፣ ታብሌት ላይ የተጫነ መጠባበቂያ ካርታ
- ጥልቀት መለኪያ
- ወደ ወንዝ ዳር የምትወጡበት ትንሽ የጎማ ጀልባ
- የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች፣ የእሳት ማጥፊያዎች
- የሶላር ፓነል፣ 300 ዋት ገደማ
- ለሞተሩ መለዋወጫ፦ የናፍጣና የዘይት ፊልተር፣ ቀበቶ፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ
- ክዳናቸው ጥብቅ የሆነ የስንቅ ዕቃዎች
- ውሃ የማያስገባ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ። ወደ ሞቃት አገር ነው የምንሄደው ብላችሁ እንዳትተዉት። ኖቬምበር ላይ ጠዋት ጠዋት መሪ የያዘ ሰው ይንዘፈዘፋል።

1. የመነሻ ቀን ቁረጡ

የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በጣም ቀድማችሁ ከወረዳችሁ አውሎ ነፋሱ ደቡብ ላይ ያገኛችኋል። በጣም ከዘገያችሁ ደግሞ ቼሳፒክ ላይ ብርዱ ይይዛችኋል፣ ቀኑም ያጥራል። ብዙው ሰው የሚነሳው በኦክቶበር አጋማሽና መጨረሻ ነው። የመድን ውላችሁንም አንብቡ። እስከተወሰነ ቀን ድረስ ከአንድ መስመር በታች እንዳትወርዱ የሚከለክሉ ውሎች አሉ።

በሰዓት 7 ማይል ገደማ ብትሄዱ በቀን 50 ማይል ትሸፍናላችሁ። ያ ማለት 22 የጉዞ ቀን ነው። ግን ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ብልሽት አለ፣ ድካምም አለ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያዙ። የተቆረጠ የመድረሻ ቀን ያለው ሰው በመጥፎ አየር ይወጣል። ለልደትም ለሠርግም «በዚህ ቀን እዚያ ነን» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

2. ምሰሶውን ከውሃው ወለል ጀምሮ ለኩ

በመስመሩ ላይ የማይከፈቱት ድልድዮች መደበኛ ከፍታ 65 ጫማ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ሰሜን ካሮላይና ያለው የዊልከርሰን ድልድይ 64 ጫማ ነው። ማያሚ ያለው የጁሊያ ተትል ድልድይ 56 ጫማ ብቻ ነው። ምሰሶው ከዚያ የሚረዝም ጀልባ ፎርት ላውደርዴል ላይ ወደ ውቅያኖስ ወጥቶ በማያሚ መግቢያ ይመለሳል።

የሻጩን ወረቀት አትመኑ። ጫፍ ላይ ያለው አንቴናና መብራት ወረቀቱ ላይ የለም። ራሳችሁ ለክታችሁ ቁጥሩን መሪው አጠገብ ለጥፉት። ከጀልባው ስር የሚወርደው ኪል ስንት ጫማ እንደሆነም ከጎኑ ጻፉ። ድልድዩ ስር ስትደርሱ ልባችሁ ይመታል፣ ቁጥርም ይጠፋባችኋል።

3. ሁሉንም ሥራ ሁለታችሁም ተማሩ

ባልና ሚስት ሲሆኑ ሥራው ሳይታወቅ ይከፋፈላል። አንዱ ሁልጊዜ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ሁልጊዜ ገመድ ያስራል። ይህ የሚያምረው አንዱ እስኪታመም ድረስ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ቢያንስ አራት ቅዳሜ ቦታ ተቀያየሩ። እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን እነዚህን መቻል አለባችሁ፦

- ሞተር ማስነሳትና ማጥፋት፣ የናፍጣ ፊልተር መቀየር
- ሸራውን ማውረድ
- መልህቅ መጣልና ማንሳት
- በሬዲዮ ያላችሁበትን ቦታ በቁጥር አንብቦ እርዳታ መጥራት
- ጀልባውን አቁሞ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው አጠገብ ማድረስ

ስታሠለጥኑ አትነጣጠቁ። የሚማረው ሰው እጁ ላይ ያለውን ሥራ «ቆይ እኔ ላድርገው» ብላችሁ ከወሰዳችሁበት በሚቀጥለው ጊዜ አይነካውም።

4. ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ

ይህ እርምጃ በተለይ ለእኛ ነው። እቤት ውስጥ በሐበሻ ሰዓት ነው የምናወራው። ሥራ ቦታ ደግሞ በፈረንጁ። ጀልባ ላይ ይህ አደገኛ ነው። አንድ ቀን ጆርጂያ ውስጥ «ውሃው የሚሞላው በሦስት ሰዓት ነው» አልኩ። ጠዋት ማለቴ ነበር፣ በፈረንጁ ዘጠኝ። ባለቤቴ የያዘው ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት አድርጎ ነው፣ ጉዞውንም በዚያ አቀደው። ስንደርስ ውሃው ጎድሏል። ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ጀልባው ሲነሳ ጨልሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ የምንጽፈውም የምንናገረውም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፦ 09:00፣ 15:00። የባሕር ሙላት፣ የድልድይ መክፈቻ፣ የጥበቃ ፈረቃ፣ ሁሉም። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ የአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደኋላ እንደሚመለስም አትርሱ። ማምሻው በአንዴ ይቀርባችኋል።

5. ውሃና ኤሌክትሪክ በቁጥር ያዙ

100 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ካላችሁና ሁለታችሁ በቀን 5 ጋሎን ከተጠቀማችሁ 20 ቀን ይበቃል። ቧንቧ ከፍቶ ዕቃ ማጠብ ከለመዳችሁ ግን ሳምንትም አይሞላ። ዕቃ በወረቀት ጥረጉ፣ ቀጥሎ በመርጫ ጠርሙስ እጠቡ። ገላ ለመታጠብ የአትክልት መርጫ ፓምፕ ግሩም ነው፣ በአንድ ጋሎን ሁለት ሰው ይታጠባል። የመጠጥ ውሃ ለብቻው ቢያንስ 6 ጋሎን በጄሪካን ይኑር። ታንከሩ ቢበከል ወይም ፓምፑ ቢበላሽ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ነው። ፍሪጁ ብቻውን በቀን 50 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የጉዞ መሣሪያ፣ መብራትና ስልክ ሲጨመር 90 ወይም 100 ይደርሳል። ባለአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የ400 ባትሪ ካላችሁ 200 ብቻ እንዳላችሁ ቁጠሩ። በየጠዋቱ የባትሪውን መጠን ደብተር ላይ ጻፉ። ችግሩ የሚታየው ከሦስት አራት ቀን ጽሑፍ ነው፣ ከአንድ ቀን አይታወቅም።

6. ስንቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ አትምጡ። 1,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ 125 አምፔር ይስባል፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሳይቆጠር። አንድ ሰዓት ብትጋግሩ የሁለታችሁን የአንድ ቀን ኤሌክትሪክ ትጨርሳላችሁ። ትኩስ እንጀራም ካቢን ውስጥ እርጥበቱ ስለሚበዛ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻግታል።

መፍትሔው ድርቆሽ ነው። እቤት እያላችሁ እንጀራውን በደንብ አድርቁት። ሲነካ ኩርሽም ማለት አለበት። ትንሽ እንኳ ልስላሴ ከቀረው ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። አየር በሚያስወጣ ከረጢት ለአንድ ቀን የሚበቃውን እየለያችሁ እሸጉ። አንዱ ከረጢት ቢረጥብ ሌላው ይተርፋል።

ለሁለት ሰው ለሦስት ሳምንት እኛ የምንይዘው ይህን ያህል ነው፦ ድርቆሽ 3 ኪሎ፣ ሽሮ 2 ኪሎ፣ ምስር ክክ 2 ኪሎ፣ በሶ 1 ኪሎ፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ፣ ቋንጣ አንድ ኪሎ፣ ንጥር ቅቤ በሁለት ጠርሙስ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን በየመንገዱ ይገዛል። ሽሮ ለጀልባ የተሠራ ምግብ ነው ማለት ይቻላል። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ቶሎ ይበስላል፣ ጋዝ ይቆጥባል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የጉዞው ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ጾመኛ የሆነ ሰው ስንቁ ይበልጥ ይቀለዋል።

ጀልባው የሚናወጥበት ቀን ምድጃ አይለኮስም። ለዚያ ቀን የሚሆን በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መሪው አጠገብ ባለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የራበው ሰው ቶሎ ይበርደዋል፣ ውሳኔውም ይበላሻል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካቢን ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ለቡና አንድ ጊዜ ብቻ ብላችሁም ቢሆን፣ ለዕጣንም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በጠባብ ካቢን ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ቡናውን እቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ያዙ። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ መልህቅ ስትጥሉ ብቻ አውጡት።

ሌላም፦ የፕሮፔን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ከሾለከ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ያፈነዳዋል። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ በሚተነፍስ የራሱ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። አብስላችሁ ስትጨርሱ ከሲሊንደሩ ላይ ዝጉ። ምድጃውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

7. ሽንት ቤት

ከባሕሩ ዳር 3 የባሕር ማይል ሳይርቁ ያልታከመ ቆሻሻ ወደ ውሃ መልቀቅ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። ኢንትራኮስታሉ በሙሉ ከዚያ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ማሪና ላይ በፓምፕ ይመጠጣል። ወደ ውጭ የሚለቀው ቫልቭ ተዘግቶ ይታሰር። 25 ጋሎን ታንከር ለሁለት ሰው ሳምንት ገደማ ነው። እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ናፍጣ በቀዳችሁ ቁጥር አስመጥጡ።

8. የየቀኑን ጉዞ ማታውኑ አቅዱ

በሌሊት አትጓዙ። ቦዩ ጠባብ ነው፣ ግንድ ይንሳፈፋል፣ የክራብ ወጥመድ ገመድ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ማታ እራት ከበላችሁ በኋላ አራት ነገር ጻፉ፦ የነገውን ነፋስ፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት፣ በየመንገዱ ያሉ ድልድዮችን፣ መልህቅ የምትጥሉበትን ቦታ ከነመጠባበቂያው።

ነፋሱ፦ ሰሜን ካሮላይና ያለው የአልበማርል ወሽመጥ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በጠንካራ ነፋስ አጭርና ቁልቁል ማዕበል ያወጣል። ነፋሱ ከ15 ኖት (በሰዓት 17 ማይል ገደማ) በላይ ከሆነ አንድ ቀን ጠብቁ።

ሙላትና ጉድለቱ፦ ጆርጂያ ውስጥ ውሃው ከ7 እስከ 9 ጫማ ይወጣል ይወርዳል። እንደ ሄል ጌትና ሊትል መድ ሪቨር ያሉ ጥልቀት የሌላቸውን ቦታዎች ውሃው እየሞላ ሳለ እለፉ። መሬት ብትነኩ እንኳ እየወጣ ያለው ውሃ ያነሳችኋል። እየጎደለ ሳለ ከነካችሁ ግን በየደቂቃው ይብስባችኋል።

ምልክቶቹ፦ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ጥልቁን መንገድ ከሚያሳዩት ምልክቶች ቀዩ በቀኝ ይሁን። ከሌላ ወንዝ ምልክት ጋር ሲደባለቅባችሁ ምልክቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ ቅርጽ ፈልጉ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን በቀኝ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን በግራ ይሁን፣ ምልክቱ ራሱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አትዩ። ከውቅያኖስ የሚገቡ መግቢያዎች አጠገብ ቀለሙ ተገልብጦ ስለሚታይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

ድልድዮቹ፦ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ላይ በሬዲዮው ቻናል 13፣ ከደቡብ ካሮላይና ጀምሮ ወደ ታች ቻናል 9 ላይ ጥሩ። የድልድዩን ስም፣ የጀልባችሁን ስምና ወደ ደቡብ እንደምትሄዱ ተናገሩ። እንደ ግሬት ብሪጅ ያሉት ቀን ቀን በየሰዓቱ መጀመሪያ ብቻ ነው የሚከፈቱት። በአምስት ደቂቃ ካመለጣችሁ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ።

9. መልህቅ አጣጣል

እንቅልፋችሁ የሚወሰነው እዚህ ነው። ፀሐይ ከመግባቷ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ። የመጀመሪያው ሙከራ ካልያዘ ለሁለተኛው ብርሃን ያስፈልጋችኋል።

ሀ. የምትለቁትን ሰንሰለት አስሉ። አሁን ያለውን ጥልቀት ብቻ አትውሰዱ። ለምሳሌ ጆርጂያ ውስጥ ውሃው ጎድሎ 8 ጫማ ነው። ሲሞላ 8 ይጨምራል። የጀልባው አፍንጫ ከውሃው 4 ጫማ ይርቃል። ድምሩ 20 ነው። የምትለቁት ሰንሰለት የዚህ ሰባት እጥፍ ነው፣ 140 ጫማ። ሙላቱን ረስታችሁ 8 እና 4 ብቻ ደምራችሁ ቢሆን 84 ጫማ ትለቁ ነበር። ሌሊት ውሃው ሲሞላ ያ ርዝመት ከጥልቀቱ አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ይጎትታል፣ መልህቁም ይነቀላል።

ለ. በእጅ ተነጋገሩ። አንዱ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ መሪው ላይ ነው፣ መሐል ሞተር ይጮኻል። ስለማይሰማ ይጮኻል፣ የሚጮኸውም የተቆጣ ይመስላል። አምስት ምልክት ይበቃል፦ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ አቁም። መሬት ላይ ቆማችሁ ተለማመዱ።

ሐ. ነፋሱን ወይም ጅረቱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ቁሙ፣ መልህቁን አውርዱ። አትወርውሩት። ከዚያ ጀልባው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሰንሰለቱን ልቀቁ። ክምር ሆኖ ከወደቀ መልህቁን ራሱ ይተበትበዋል።

መ. ሞተሩን ወደ ኋላ አስገብታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ወንዙ ዳር ሁለት ዛፍ በአንድ መስመር ያዙ። ዛፎቹ ካልተላቀቁ ይዟል።

ሠ. ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለውን ነጭ መብራት አብሩ። ጀልባው ከተወሰነ ክብ ሲወጣ የሚጮኸውን የስልኩን የመልህቅ ማንቂያ ክቡን ሰፋ አድርጋችሁ ሙሉ። ጆርጂያ ላይ ጅረቱ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይዞራል፣ ጀልባውም አብሮ ይዞራል። ክቡ ከጠበበ በከንቱ ይጮኻል፣ በሦስተኛው ሌሊት ሰው ያጠፋዋል።

ነፋስ ባለበት ሌሊት በሦስት ሦስት ሰዓት ፈረቃ ጠብቁ። ሞተሩ ለመነሳት ዝግጁ ይሁን፣ የፊት ባትሪም በየአልጋው አጠገብ ይቀመጥ።

10. ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

አምስት ሰው ባለበት ጀልባ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይጠራል። ሁለት ስትሆኑ የቀረው ሁሉንም ብቻውን ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በአፍ የሚጠና ይሁን፦ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውር። ጂፒኤሱ ላይ የሰው ወደቀ ቁልፍ ተጫን። ዓይንህን ከእሱ ሳታነሳ አዙር። ሬዲዮው ላይ ክዳን ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጭነህ ያዝ፣ ቻናል 16 ላይ «ሜይዴይ» ብለህ የአደጋ ጥሪ አሰማ። ከወደቀው ሰው ጋር ስትቀራረብ ሞተሩን ከማርሽ አውጣ፣ ፕሮፔለሩ ሰው ይቆርጣልና።

ቀይ ቁልፉ የሚሠራው ሬዲዮው መለያ ቁጥር ሲሞላለት ነው፣ ያላችሁበትን ቦታ የሚልከው ደግሞ ከጂፒኤስ ጋር ሲያያዝ ነው። ብዙ ጀልባ ላይ አልተያያዘም። ዛሬውኑ አረጋግጡ።

ለልምምድ ግማሽ ውሃ የያዘ ጄሪካን ወርውራችሁ እየተፈራረቃችሁ ብቻችሁን አንሱት። ከባዱ ሰውየውን ማውጣት ነው። የረጠበ ልብስ የለበሰ ሰው በክንድ አይነሳም። ከውሃ ውስጥ ሆኖ ጎትቶ የሚያወርደው መሰላል ይኑር፣ ወይም የሸራውን ገመድና ዊንች (ገመድ መጠቅለያውን) ተጠቅማችሁ መሳብ ተለማመዱ። አንዱ ተኝቶ ሳለ ሌላው ሳይቀሰቅሰው ከመሪው ቦታ ወደ ፊት አይሄድም። ለሽንትም ቢሆን ወደ ጫፍ አይወጣም። ይህ ሕግ እኛ ጋ ልዩነት የለውም።

11. የጉዞ ዕቅዱን ለዘመድ ስጡ

ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) የግል ጀልባ የጉዞ ዕቅድ ተቀብሎ አይከታተልም። የሚከታተለው የእናንተ ሰው ነው። የጀልባውን ስም፣ ቀለም፣ ርዝመት፣ ፎቶ፣ የሬዲዮውን መለያ ቁጥርና የመንገዱን ዝርዝር ለአንድ እህት ወይም ወንድም ስጡ። በየምሽቱ በተወሰነ ሰዓት «ቆመናል» የሚል መልእክት ላኩ። ኔትወርክ የማይኖርባቸው ቦታዎች ስላሉ «እስከ ነገ ማታ ካልሰማህ ደውል» ተባባሉ። ይህ ካልተነገረ አንድ ምሽት ስልክ ባለመነሳቱ ቤተሰብ በሙሉ ሲያለቅስ ያድራል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ጀልባውን በዕቃ መሙላት። ዕቃ ሲናወጥ ይወድቃል፣ መውጫም ይዘጋል። ቦታ ያልተመደበለት ነገር አይገባም።
- በርበሬና ሽሮን በገዙበት ፌስታል መተው። እርጥበት ገብቶ ይጓጉላል።
- የናፍጣ ፊልተር መቀየርን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባው እየተናወጠ መሞከር። ታንከሩ ስር ያለ ዝቃጭ የሚነሳው በዚያን ቀን ነው። ቆማችሁ ተለማመዱ።
- ሁሉም ስለሄደ መሄድ። ሌላው ጀልባ ሦስት ጎበዝ ሰው ይዞ ይሆናል። እናንተ ሁለት ናችሁ፣ አንዳችሁም ሌሊቱን አልተኛችሁም።
- ተጣልቶ መነሳት። መልህቅ ከመነሳቱ በፊት ንግግራችሁን ጨርሱ። የተኮራረፉ ሰዎች «ቀዩን ምልክት አየኸው?» አይባባሉም።